ሦስቴ «የለም» ያልኩበት ስልክ

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ሦስቴ «የለም» ብዬ ተረጎምኩ። ሦስቴም በጥሩ እንግሊዝኛ።

ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የክፍል ጓደኛዬን ዘሪቱን ዶክተሯ የምትከታተላት በስልክ ነው። እዚህ አጅማን፣ ዱባይ አጠገብ፣ ያለው ክሊኒክ የሚኬደው ለአልትራሳውንድ ብቻ ነው፤ ሌላው በስልክ ያልቃል። የዘሪቱ ዐረብኛ ከኔ አሥር እጥፍ ይበልጣል፣ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ዶክተሯ ግን ሕንዳዊት ናት፣ እንግሊዝኛ ነው የምትናገረው። ስለዚህ እኔ መሃል ገባሁ። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጠን፣ ድምፁን ከፍተን፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን።

ዶክተሯ ያለችው፦ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ የማህፀኑን አፍ ሸፍኗል። ሠላሳ ሦስት ሳምንት ሆኗታል፣ ከእንግዲህ ከፍ ይላል ብዬ አልጠብቅም። ምጥ ሳይመጣ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ከዚያ ጠየቀች። ከዚህ በፊት ወሊድ አለ? ኦፕራሲዮንስ? የማህፀን ጠረጋስ?

ዘሪቱ ለሦስቱም ራሷን ወዘወዘች። ፈጣን ነበረች፣ መልሱን ያጠናች ተማሪ ትመስል ነበር። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴን ጫን አደረገችው።

የመጀመሪያው ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ሩት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለቻት፣ ሆሳዕና፣ እናቷ ዘንድ። ለሰው «የእህቴ ልጅ ናት» ትላለች። ግን በመጋረጃ በተከፋፈለ ክፍል ውስጥ ማን ማንን በስልክ «እማዬ» እንደሚል ይሰማል።

ታዲያ ለምን «የለም» አልኩ? ሦስት ምክንያት ጻፍኩ፣ ሁለቱን ሰረዝኳቸው። የቀረው፦ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

አውቶቡስ ውስጥ፣ ዱባይ አል ቁዝ ካለው መጋዘን ስመለስ። ወንበር እየተዘለለ ስለሚቀመጥ ክርኔን የሚገፋኝ የለም፣ ጽሑፌ ቀጥ ብሏል። የዛሬ ሹግል፣ የቀን ሥራው፦ የእጅ ማጽጃ ጠርሙስ ላይ ወረቀት መለጠፍ። በባዮሜዲካል ሳይንስ ተመርቄ የጀርም መግደያ ላይ ስቲከር እለጥፋለሁ። ከሙያዬ ብዙም አልራቅኩም እያልኩ እስቃለሁ። ለብቻዬ ነው የምስቀው። ማስክ ውስጥ የሳቀ ሰው አይታይም።

ጥር ላይ ስመጣ በቪዚት ቪዛ ሦስት ወር ይበቃኛል ብዬ ነበር። ላብራቶሪ ሥራ አገኛለሁ፣ ነጭ ጋውን እለብሳለሁ፣ ለእናቴ ፎቶ እልካለሁ። መጋቢት ላይ ሁሉም ነገር ተዘጋ።

ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። ዝም ትለኛለች ብዬ ነበር፣ ነገረችኝ።

ሩትን የወለደቻት ቤት ነው። ልጅቷ ወጣች፣ የእንግዴ ልጁ ቀረ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት፣ በእጅ አወጡላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሙ አልቆም አለ፣ ተመልሳ ገባች፣ ማህፀኗን ጠረጉት። እሱም አልበቃም። እንደገና ጠረጉት። «ሁለቴ ፈገፈጉኝ፣ እንደ አረረ ድስት» አለች እየሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚሁ ነበር፣ ቃል በቃል ስለዚሁ። የእንግዴ ልጅ የማህፀን ግድግዳ ውስጥ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ሲጣበቅ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ድርሻ ምንድን ነው። ቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፑ የተበላሸ ስለነበር ሌሎች የሠሩትን አንብቤ ነው ያጠናቀርኩት። አማካሪዬ «ጥሩ ነው፣ ማን ያነበዋል እንጂ» ብሎኝ ነበር።

ላስረዳት ሞከርኩ። ማህፀን ውስጥ፣ የእንግዴ ልጁ በሚያርፍበት ሽፋን ላይ ብዙ የመከላከያ ሴሎች አሉ፣ በብዛት ያሉት ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች ይባላሉ ስላት ብድግ አለች።

«ገዳይ? ከልጄ ጋር አብረው ነው የሚያድሩት?»

ስማቸው ነው እንጂ እዚያ ቦታ አይገድሉም አልኳት። የኛን ናጡር እይው፣ በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ። እንግዳ ሲመጣ አይመታውም። ስንተኛ ፎቅ ነህ ይለዋል፣ መንገድ ያሳየዋል፣ ዕቃም ያግዘዋል፣ ግን ከተባለው ፎቅ እንዲያልፍ አይፈቅድም። እነዚህ ሴሎችም እንደዚያ ናቸው። የእንግዴ ልጁ ደም እንዲያገኝ የእናትየውን የደም ሥሮች ለማስፋት ያግዛሉ፣ ከዚህ አትለፍ ማለቱም በከፊል የእነሱ ሥራ ነው። ሽፋኑ ተፈግፍጎ ጠባሳ የሆነበት ቦታ ግን ናጡሩ የሚቀመጥበት ወንበር የለም። እንግዳው ዝም ብሎ ይገባል፣ ግድግዳውን ይዞ ይቀራል።

«ናጡሩ ግን ፍሉስ ካልሰጠሽው መንገድ አያሳይም» አለች፣ ጣቶቿን ብር እንደሚቆጥር ሰው እያሻሸች።

ሳቅን። ከዚያ የመጨረሻውን ነገርኳት። እንደዚያ የተጣበቀ የእንግዴ ልጅ ከወሊድ በኋላ አይላቀቅም። ሐኪሙ ሳያውቅ ከሳበው ደሙን ማቆም ከባድ ነው። ቀድሞ ካወቀ ግን ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ደም ያስቀምጣል፣ አይስበውም።

«ሊሆን ይችላል ነው ያልሽው ወይስ ሆኗል?»

ሊሆን ይችላል አልኳት።

«እንግዲያው አልሆነም» አለችና መጋረጃዋን ሳበች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ጽሑፌን ከስልኬ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። በሰው ሆድ ላይ ሲነበብ ሌላ ነው።

የማውቀው፦
የእንግዴ ልጁ ታች ነው። ሁለቴ ተጠርጋለች። አንዴ በእጅ ወጥቶላታል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሐኪም ማወቅ አለበት።

የማላውቀው፦
ተጣብቆ እንደሆነ። ከተጣበቀ ምን ያህል። ደግሞ ጥፋቱ የዘበኞቹ ማነስ ይሁን የግድግዳው መሳሳት። እነዚያን ሴሎች ቀንሰው ያገኟቸው ተመራማሪዎች አሉ፣ ቆሻሻ የሚበሉትንና ሌሎቹን የሚያረጋጉትን ሴሎች የሚጠረጥሩም አሉ። መደምደሚያዬ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል። ያኔ ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ትንሽ ድል፦ ሻርጃ ያለ አንድ ላብራቶሪ ኢሜይል ላከልኝ። ነገ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ። አራቴ አነበብኩት። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር ስል አራቱ ባዶ አልጋዎች አሉ። አብረውን የነበሩት ልጆች ሚያዝያ ላይ በመመለሻ በረራ ሄደዋል፣ ፍራሻቸው ተጠቅልሎ ቆሟል። አልጋ ብቻ መከራየት ቢድ ስፔስ ይባላል፣ አሁን ስፔሱ ብቻ ነው ያለው።

ለዘሪቱ ነገርኳት። «አልኩሽ አይደል፣ ዶክተር» አለች። ደስ ብሏት ነበር። ያንን ደስታዋን ይዤ ወደዚያው ነገር ገባሁ፣ ስህተቴ እሱ ነው።

ለዶክተሯ ደውለን እናስተካክለው አልኳት።

ያኔ ነው ለቤት ሠራተኝነት ስላመጣት ኤጀንሲ የነገረችኝ። አዲስ አበባ ላይ በተርታ አቁመው ያስጠኗቸዋል። አግብተሻል? አላገባሁም። ወልደሻል? አልወለድኩም። ኦፕራሲዮን? የለም። የተደናቀፈች እንደገና ከመጀመሪያው ትላለች። ሩት ሁለት ዓመቷ ነበር። ዘሪቱ ያንን መልስ ለኤጀንሲው አለች፣ ለጤና ምርመራው አለች፣ ለመጀመሪያዋ ማዳም አለች፣ ለሁለተኛዋም። ሰኞ ዕለት ስልኩ ላይ ሲጠይቋት አፏ ራሱ መለሰ።

«አሁንማ ባል አለሽ፣ በሱ ቪዛ ነው ያለሽው፣ ማን ይጠይቅሻል?» አልኳት።

«እዚህ አገር ፋይል አንድ ነው። መታወቂያሽን ማሽኑ ላይ ሲያደርጉት ሁሉ ነገር ይወጣል። ዋሽታለች ብለው ካንስል ቢያደርጉኝስ? ታደሰ እንኳ የለም።»

ባሏ ታደሰ ዴይራ ውስጥ ከአገር ቤት ለሚመጡ ነጋዴዎች ዕቃ እያሰባሰበ የሚጭን ነው። የካቲት ላይ ለአባቱ ለቅሶ ሄደ፣ በረራ ቆመ። እስካሁን የመመለሻ ፈቃድ ይጠብቃል።

ሆስፒታልና ቪዛ አይገናኝም አልኳት። ከየት አውቄ? እኔ ራሴ አላውቅም። ድምፄን ብቻ ነው ያጠነከርኩት።

«ስድስት ወር ነው የኖርሽው። ሁለት ዓመት ኑሪና ፋይል ምን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ቃለ መጠይቁ አልቋል። ሸሚዝ ከላይ፣ ፒጃማ ከታች። አንዱ ጠያቂ ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ጠየቀኝ። ካሰብኩት በላይ ተናገርኩ፣ እጄ ሁሉ ይናገር ነበር። አንድ ነፍሰ ጡር ሴት ሁለቴ ተጠርጋ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ብዬ ምሳሌ ሰጠሁ። ሌላዋ ጠያቂ «ለሐኪሙ የመጀመሪያው መረጃ የታካሚዋ ታሪክ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። ልክ ነው አልኩ። ፊቴ በካሜራው ውስጥ ምን መስሎ እንደነበር እንጃ። እንደውላለን አሉኝ።

ከጨረስኩ በኋላ የክሊኒኩን ቁጥር ነካሁ። ሲጠራ ዘጋሁት። ተመልሰው ደወሉ፣ በስህተት ነው አልኩ።

ብነግራቸው የሷን ሆድ ከሷ ሰርቄ እንደመስጠት ነው። ባልነግራቸው ደግሞ የዋሸው ድምፅ የኔ ነው። ፋይሉ ላይ የተጻፈው እሷ የወዘወዘችው ራስ አይደለም፣ እኔ የተናገርኩት ቃል ነው። ይሄንን ሦስት ቀን ሙሉ ዞሬ ዞሬ ነው ያገኘሁት።

ዘሪቱ ዛሬ አላናገረችኝም። ምሳ ግን አስቀምጣልኛለች፣ በሰሃን ተከድኖ።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

ዓርብ የአምልኮ ቀናችን ነው፤ ድሮ በኪራይ አዳራሽ፣ አሁን በስልክ። ዘሪቱ ስልኩን ከጠርሙስ ጋር አስደግፋ፣ ነጠላ ለብሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ትናንሽ ሳጥኖች፣ በየሳጥኑ አንድ ፊት፣ ግማሹ ድምፁን መዝጋት ረስቶ የብረት ድስት ድምፅ ይሰማል።

የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ዘሪቱ «በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጅው ብለውኛል» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። አንዲት እህት ወዲያው ተነሳች። በኢየሱስ ስም ቢላዋ አይነካሽም፣ እንደ ዕብራውያን ሴቶች ሐኪም ሳይደርስ ትወልጃለሽ አለች። ሁሉም አሜን አሉ። ዘሪቱ አሜን አለች። እኔም ከመጋረጃው ወዲህ አሜን አልኩ።

ከልጅነቴ አሜን ስል ነው ያደግኩት፣ አፌ ራሱ መለሰ። እንደሷው።

የምፈራው ይሄ ነው፦ ሐኪም ሳይደርስ ከወለደች ዘሪቱ ትሞታለች። እግዚአብሔር ይሄንን ያውቃል ብዬ አምናለሁ። እህትየዋ ግን አታውቅም።

ታደሰ ደውሎ ነበር። «ምሕረት፣ አደራ ዘሪቱን» አለኝ። የእንግዴ ልጁን ነገር አልነገረችውም። «ይጨነቃል» ትላለች። እሺ አልኩት። እሺ የሚለው ቃል ይህን ሳምንት አድክሞኛል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፣ ብቀመጥ ስለምለዝብ።

ከኋላሽ ሄጄ አልናገርም። ግን ከእንግዲህ አልተረጉምልሽም። ሰኞ ዶክተሯ ስትደውል ሌላ ሰው ፈልጊ። ያ «የለም» የኔ ነው፣ ሁለተኛ አልለውም።

እንዲህ አለች፦ «ምን አለብሽ። ሥራሽን ታገኛለሽ፣ ጋውንሽን ትለብሻለሽ። ለኔ ሆድ ደግሞ ከወረቀትሽ ላይ ታነቢልኛለሽ።»

«ወረቀቴ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እኔ ወረቀት ላይ ስገባ እባረራለሁ፣ ምሕረት። ኸላስ፣ በቃ።»

ወጣሁ። የአጅማን ባሕር ዳርቻ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ሙቀቱ እንደ መጥበሻ ነው፣ ማስኩ አፌ ላይ ረጠበ። ባሕሩ አጠገብ ሁለት ወንዶች ብቻ፣ እየተራራቁ ቆመዋል። አግዳሚ ወንበሮቹ በቴፕ ታስረዋል። ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ «ደህና ነሽ?» አለችኝ፣ ደህና ነኝ አልኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር እዚያ፣ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ዲግሪ አለኝ፣ የማወራው ሰው አጥቼ የተዘጋ ወንበር አጠገብ ቆሜያለሁ።

ስመለስ መጋረጃዋ ተዘግቷል። እየጸለየች ነበር፣ በሹክሹክታ። ስሜን የሰማሁ መሰለኝ። ላይሆን ይችላል።

እሑድ፣ ሰኔ 14

በሥርዓት ልጻፍ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር፣ ከመታጠቢያ ቤት ጠራችኝ። «ምሕረት፣ ነይማ።» በጣም በቀስታ ነው የጠራችኝ። ደም ነበር። ብዙ አይደለም፣ የእጅ መዳፍ ያህል። ሕመም የለውም።

ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ። ነርሷ አነሳች፣ እንግሊዝኛዬን ጀመርኩ። ዘሪቱ እጇን ዘረጋች። ስልኩን እንድሰጣት።

ግድግዳውን ተደግፋ በዐረብኛ ተናገረች። የኔ ዐረብኛ ትንሽ ነው፣ ግን «ቢንት» ስትል ሰማሁ፣ ሴት ልጅ። ከዚያ ስለ ጠረጋው ስትነግራቸው ሁለት ጣቷን አወጣች፣ በስልክ ጣት እንደማይታይ ረስታ። ድምፅዋ አልተሰበረም። ገበያ ላይ ዋጋ የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ዶክተሯ ስልኩን ተቀበለች፣ እኔም ከዘሪቱ ተቀበልኩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ትኩሳት ነበራት ወይ ብቻ ነው የጠየቀችው። አሁኑኑ ኑ፣ ምንም ነገር እንዳትበላ አለች።

ዘሪቱ እጄን ያዘችኝ። «ይሄ መታወቂያዬ ላይ ይወጣል ወይ በያት።»

አልኳት። ዶክተሯ አልገባትም። የቱ መታወቂያ አለች። አስረዳኋት። የሕክምና ፋይል የሚያዩት የሚያክሟት ሰዎች ብቻ ናቸው አለች።

«ዋላሂ በይ በያት።»

«ማዪልኝ ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ዶክተሯ ማለች። ይህን ሁሉ ቀን የተረጎምኩት ትክክለኛ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ እኔን አላስገቡኝም። ውጭ፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል። አልትራሳውንዱን እንደገና አዩት፣ አሁን የሚፈልጉትን ነገር እያወቁ። በእንግዴ ልጁና በማህፀኑ መካከል መኖር ያለበት ቀጭን መስመር አንድ ቦታ ላይ ጠፍቷል። የጠባሳው ቦታ ሊሆን ይችላል። በጥርጣሬ ነው የሚሉት፣ ሲከፈት ነው የሚረጋገጠው። አምቡላንስ ዱባይ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰዳት። በመስኮት እጇን አወዛወዘች፣ ሂጂ ሥራሽ እንደማለት።

ለታደሰ እኔ ነገርኩት። «ለኔ ለምን አልነገረችኝም» አለ። የሚጠይቀው እኔን አልነበረም።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ስድስት አልጋ፣ አንድ ሰው። ፍሪጁ ሲነሳና ሲቆም እሰማለሁ።

ከመጋዘኑ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ዕቃዋን ወሰድኩላት። በሜትሮ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። የጥበቃው ሰውዬ ቦርሳውን በጓንት ተቀበለኝ፣ ረጨው፣ ስሟን ጻፈበት። «ሲስተር?» አለኝ። አዎ አልኩ። ይሄ ውሸት ከሆነ ይሁን። ሕንፃው አሥር ፎቅ ነው፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። የልጁ ሳንባ እንዲጠነክር መርፌ ወግተዋታል። ነገ ጠዋት ይከፍቷታል። ቀዶ ሐኪሟ በዐረብኛ አስረድታታለች፦ የእንግዴ ልጁ ተጣብቆ ከሆነ አንስበውም፣ ከነማህፀኑ እናወጣዋለን። ደም ተዘጋጅቷል። ትፈርሚያለሽ ወይ?

«ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ። ታደሰ ሦስት ልጅ ነበር የሚፈልገው።» ከዚያ «አንቺ ዶክተር፣ ለእነዚያ ናጡሮችሽ አንድ መላ አግኚላቸው እስቲ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበር።

እንደማኩርፍ ታውቃለች መሰለኝ፣ «አሜን ያልኩት ለሴትየዋ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔም ነኝ አሜን ያልኩት አልኳት። አታውቅም ነበር። ሳቀች፣ ሆዴን አታስቂኝ አለች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ሥራ ሄድኩ። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ስቲከር ጠማማ ለጠፍኩ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ካርቶን አስነቀለኝ። ስልኬን ብብቴ ሥር ይዤ ነበር።

አምስት ሰዓት። ምንም።

ስድስት። ታደሰ፦ «ደወሉልሽ?» የለም።

ሰባት ተኩል። ታደሰ፣ ሆስፒታሉ ለሱ ደውሎለት። ሲያለቅስ ነው የሰማሁት፣ ከዚያ ቃሉን። ወንድ ልጅ። ሁለት ኪሎ የማይሞላ፣ ማሞቂያ ውስጥ። እሷ በሕይወት አለች። ተጣብቆ ነበር። ማህፀኗ ወጥቷል። ብዙ ደም ፈሷል፣ ብዙ ሰጥተዋታል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት፣ ገና አልነቃችም።

ካርቶኖቹ መሃል ተቀመጥኩ። አብራኝ የምትለጥፈው የኔፓል ልጅ ውኃ አመጣችልኝ። ምን ሆነሽ አላለችኝም፣ ቋንቋ የለንም። ውኃውን እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።

ስለ «ሊሆን ይችላል» ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን እንዲህ አይነት ስሜት እንዳለው አላውቅም ነበር። ምንም አያስደስትም።

ላብራቶሪው አልደወለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ፣ ከነርሷ ስልክ። ዘሪቱ ናት። ቃል፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ቃል።

ልጁን በፎቶ አይታዋለች። አፍንጫው የታደሰ ነው አለች። «ማንም አልመጣም» አለችኝ። ማን? «ስለ ወረቀቱ።» አልመጣም፣ አይመጣም አልኳት። ሁለተኛውን በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ስለዚህ «አይመጣም ብዬ አምናለሁ» ብዬ አስተካከልኩት።

ከዚያ «ሩት ጋ ደውይልኝ። ወንድም አለሽ በያት። እኔ አልችልም» አለች። ቁጥሩን በቃሏ ነገረችኝ። ሁለቴ ቆማ ተነፈሰች።

ደወልኩ። አያቷ አነሱ፣ አለቀሱ፣ አመሰገኑ፣ ስልኩን ሰጧት። ድምፅዋን መጋረጃ አልፎ ሲመጣ ነበር የማውቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ሲናገር ሰማሁት።

ወንድም ተወልዶልሻል አልኳት። ደስ አላት፣ ግን ቶሎ አለፈችው።

«እማዬ ለምን ራሷ አልደወለችም?»

ደክሟት ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ለልጅ የሚባለው እሱ ነው።

«ኦፕራሲዮን ተደርጋለች» አልኳት። «ብዙ ደም ፈሷት ነበር፣ አሁን ቆሟል። መናገር ስለሚከብዳት ነው እኔ የደወልኩት።»

ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል፣ የሆነ ሰው በር ይዘጋል።

«እዚያ ያሉት ሐኪሞች እኔን ያውቁኛል?»

«ያውቁሻል። እናትሽ ነግራቸዋለች፣ ራሷ፣ በዐረብኛ።»

«ምን ብላ?»

«ሴት ልጅ አለችኝ ብላ።»

መቼ ትደውልልኛለች አለችኝ። ሲሻላት፣ ምናልባት ነገ አልኳት።

«ነገ ስንት ሰዓት?»

«አላውቅም።»

«እሺ» አለች። «ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ።»